ያራገፈችውን እንጂ የጫነችውን አልመዘገብኩም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣
ባሕር ዳር

ጤና ይስጥልኝ።

የጋዜጣችሁ የቆየ አንባቢ ነኝ፤ ደብዳቤ ስጽፍላችሁ ግን የመጀመሪያዬ ነው። የምጽፈውም ስለ አንዲት ዶሮ ነው። «ሰው ስንት ጉዳይ እያለበት!» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ፤ ባለቤቴም ወረቀትና እስክሪብቶ ሳወጣ ያለችኝ ይህንኑ ነው። ግን በየግቢያችን የተሻሻለ ዝርያ የሚባለው ዶሮ ገብቷል፤ የእኔ ጉዳይ የብዙ ቤት ጉዳይ ሳይሆን አይቀርም።

ጡረታ ከመውጣቴ በፊት ከባሕር ዳር ጎርጎራ በሚመላለሰው ጀልባ ላይ የጭነት ተቆጣጣሪ ነበርኩ። የዘጌ ቡና፣ የደልጊ እህል፣ ወደ ቁንዝላ የሚሄድ ቆርቆሮ፣ ከደቅ የሚወጣ ሰውና በግ ሁሉም በእኔ መዝገብ ያልፋል። በግራው ዓምድ የተጫነ፣ በቀኙ የተራገፈ። ይህ ልማድ በጡረታ ደብዳቤ አይለቅም። ዛሬ ጀልባ ባይኖረኝም በሽምብጥ ግቢዬ የመብራት ቆጣሪውን፣ የውሃ በርሜሉን፣ ከዓመት ወዲህ ደግሞ የዶሮዋን እንቁላል እመዘግባለሁ።

ዶሮዋ ቦቫንስ ብራውን የሚሏት ቀላ ያለች ቡናማ ናት። በሰፈራችን ቄቦች ሲሸጡ አራት ገዝተን ነበር። ሁለቱን ሽለምጥማጥ ወሰዳቸው፤ አንዷን ለገና አረድን። አራተኛዋን የልጅ ልጄ ቀድማ «ዳሚት» አለቻትና ቢላዋው ከእሷ ላይ ተነሳ። የሰባት ዓመት ልጅ ስም ያወጣችለትን ዶሮ የሚያርድ አያት ካለ ይቅረብና ልየው። ልጅቷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ዳሚት በር ላይ ትቀበላታለች፤ ደብተር ስትዘረጋ እግሯ ሥር ትተኛለች። ሌላው ቀርቶ እኔ ሬዲዮ ስከፍት መጥታ ወንበሬ ክንድ ላይ ትወጣለች።

እንቁላሉን ካነሳን፣ በመጀመሪያው ዓመት 241 ጥላለች። መዝገቡ አለ።

ነገሩ የሆነው በመጋቢት፣ ሁዳዴ ሲጋመስ ነው። ማክሰኞ ጠዋት፣ ወትሮ ሦስት ሰዓት ላይ ጥላ ሰፈሩን በጩኸት የምታናውጠው ዳሚት ጭድ ካነጠፍንላት ካርቶን ገባች፣ ወጣች፣ እንደገና ገባች። እስከ ቀትር ሰባት ጊዜ ቆጠርኩ። ከዚያ በኋላ ከግድግዳው ጥግ ቆመች። አቋቋሟን ያየሁት በዶሮ ላይ አልነበረም፤ ጭራዋ ወደ መሬት ወድቋል፣ እግሮቿን ፈርከክ አድርጋለች፣ ደረቷን ቀጥ አድርጋ አንገቷን ትከሻዋ ውስጥ ቀብራለች። ሐይቁ ዳር የአሳ አንጀት እስኪጣልለት የሚጠብቅ አባ ኮዳ መሰለችኝ። ዓይኗ ይከደናል፣ ይገለጣል። በየደቂቃው ሆዷ ይኮማተርና ጭራዋ ከፍ ዝቅ ይላል፤ የሚወጣው ግን ነጭ ውሃ ብቻ ነው። ጥሬ በተንሁላት፤ አየችውና ፊቷን አዞረች።

ምክር ሞልቶ ነበር። አንዷ ጎረቤት «ፈንግል ነውና ቶሎ ከግቢ ትውጣ» አለች። ሌላው ከፋርማሲ ቴትራሳይክሊን ገዝቼ ካፕሱሉን በውሃ እንድፈታባት መከረኝ። ሦስተኛዋ ዓይን ነው ባይ ናት፤ ልጅቷ እንቁላሉን እየጮኸች ስለምትቆጥር። ሁሉም የተስማሙበት አንድ ነገር ቢላዋ ነበር። እሱም ቢሆን ሁዳዴ ሆነና ማን ይብላት? ዳሚትን መጀመሪያ ያዳናት ጾሙ ነው ብል አላጋነንኩም።

ረቡዕ ጠዋት በዘንቢል አድርጌ በባጃጅ ወደ አንድ የእንስሳት ሕክምና ቦታ ወሰድኳት። ስሙን አልጠቅስም፤ ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ከፊቴ ሁለት ላሞችና አንድ አህያ ነበሩ። ተራዬ ደርሶ ዘንቢሉን ስከፍት የነጭ ጋወኑ ልጅ ሳቀ። «አባቴ፣ ለአንድ ዶሮ ካርድ አናወጣም። አርደው ይብሏት» አለኝ። «ልጄ፣ ዛሬ እኮ ረቡዕ ነው፤ ረቡዕም ባይሆን ሁዳዴ ነው» አልኩት። እሱም ደንገጥ ብሎ ይቅርታ ጠየቀ። የዶሮ መድኃኒት ግን አልነበረውም፤ እጁንም አላሳረፈባትም። ለመንጋ የሚሰጥ የፈንግል ክትባት እንጂ ለአንዲት ዶሮ ምጥ የሚሆን ነገር በመደርደሪያው ላይ የለም።

ወደ ቤት ስመለስ ግቢያችን ውስጥ ቤት ተከራይታ የምትኖር፣ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ዘንዘልማ ግቢ የእንስሳት ሕክምና የምትማር ልጅ ልብስ እያጠበች አገኘኋት። ዘንቢሉን አየችና «ጋሼ፣ ምን ሆናብዎት ነው?» አለች። እጇን በሳሙና ታጥባ፣ ጓንት አጥልቃ፣ ጣቷን የምግብ ዘይት ነክራ በመውጫዋ በኩል በጥንቃቄ ዳሰሰቻት። «አለ፤ እንቁላሉ እዚህ ነው። ተቀርቅሮባታል» አለችኝ። እኔም ከታች ሆዷን እንድዳስስ አደረገችኝ። በጭነት ሥራ ብዙ ጆንያ ዳስሻለሁ፤ በቀጭን ቆዳ ሥር እንዲህ ያለ ድንጋይ የሚያህል ነገር ዳስሼ ግን አላውቅም። «ተጭኜ ላውጣው?» ስላት ጮኸችብኝ። ውስጧ ከተሰበረ ስባሪው ይቆርጣታል፣ አስኳሉ ሆዷ ውስጥ ይፈስሳል፣ ያኔ የሚያድናት የለም አለች።

ያደረግነውን በዝርዝር የምጽፈው ለዚህ ነው፤ ሌላ ሰው ተስፋ ሳይቆርጥ በፊት እንዲሞክረው።

ለብ ያለ ውሃ በሳፋ ቀዳን፤ ሙቀቱን ባለቤቴ ሕፃን እንደሚያጥብ ሰው በክርኗ ለካችው። ዳሚትን ሆዷ እስኪጠልቅ ድረስ ቀስ ብለን አስቀመጥናት። መጀመሪያ ትበረግጋለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ውሃው ሲደርሳት ዓይኗን ጨፍና እንደ ጠበል ተቀማጭ ዝም አለች። ሃያ ደቂቃ ያህል፣ ውሃው ሲቀዘቅዝ እየጨመርን። ከዚያ በፎጣ አድርቀን፣ መውጫዋን ዘይት ቀብተን፣ ጭድ በተነጠፈበት ካርቶን አድርገን ጨለማ ዕቃ ቤት አስገባናት። ብርሃንና ግርግር ካለ አትላቀቅም። ባለቤቴ ለአጥንቷ የምትወስደው የካልሲየም ክኒን ነበርና ግማሹን ደቁሰን በጥቂት ውሃ በጥብጠን፣ በመርፌ አልባ ሲሪንጅ በአፏ ጎን ጠብታ በጠብታ ሰጠናት። በአንዴ ከጨመሩባት ወደ ሳንባዋ ይገባል።

«ጋሼ» አለች ልጅቷ ሲሪንጁን እያጠበች፤ «ቅርፊቱን የሚሠራው ካልሲየም ነው። እንቁላሉን የሚገፋው ጡንቻም ያለ ካልሲየም አይኮማተርም። ሲያልቅባት ቅርፊቱም ይሳሳል፣ ጉልበቷም ይከዳታል።»

ማታ ሁለት ሰዓት ላይ እንደገና በሳፋው አስቀመጥናት። ነገ ጠዋት ካልመጣ በመርፌ የሚሰጥ ካልሲየም ያለበት ቦታ መፈለግ አለብን፤ አንድ ቀን ካለፈ በየሰዓቱ እየባሰ ይሄዳል ተባለ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። የልጅ ልጄማ ከዕቃ ቤቱ በር ሥር ጋቢ ለብሳ ተኝታ አገኘኋት።

ሐሙስ ሊነጋጋ ሲል፣ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ፣ ከዕቃ ቤቱ አንድ ጊዜ ብቻ የተቆረጠ ጩኸት ሰማሁ። ባትሪ ይዤ ገባሁ። እንቁላሉ ጭዱ ላይ ነበር። በሱቅ ሚዛን 88 ግራም መዘነ፤ ወትሮ የምትጥለው ከ60 እስከ 65 ግራም ነው። አንደኛው ጫፉ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሻክራል፤ ሌላው ጫፉ ደግሞ በጣት ስነካው እስኪሰረጉድ የሳሳ ነው። ስንሰብረው ሁለት አስኳል ነበረው። ቀቅለን ለውሻው ሰጠነው።

ደስታዬ ግን ሰዓት አልሞላም። ከመውጫዋ የሎሚ ግማሽ የሚያህል ቀይ ሥጋ ወደ ውጭ ተንጠልጥሏል። ተማሪዋ ይህን ጠብቃው ነበር መሰለኝ አልደነገጠችም። በንጹሕ ለብ ያለ ውሃ አጠበችው፤ ከዚያ «ማር አለዎት?» አለች። ማር የእብጠቱን ውሃ መጥጦ ያሟሽሸዋል አሉ። ለፋሲካ ያስቀመጥኩት አንድ ጠርሙስ ነጭ ማር ተከፈተ። ቀባችው፣ ጥቂት ጠበቀች፣ ከዚያ በጓንት ጣቷ ቀስ አድርጋ ወደ ውስጥ መለሰችው። ሁለት ጊዜ ተመልሶ ወጣ፤ በሦስተኛው ቀረ። ሌላ ዶሮ ያለው ሰው በዚህ ጊዜ ለብቻዋ ማግለል አለበት፤ ቀይ ሥጋ ካዩ ጓደኞቿ ራሳቸው ወግተው ይገድሏታል።

ከዚህ በኋላ ያለው ደብዳቤ ስለ ዶሮ ሳይሆን ስለ እኔ ነው።

ልጅቷ «ምን ትበላለች?» ብላ ጠየቀች። ፉርሽካ፣ ሲገኝ የኑግ ፋጉሎ፣ የበቆሎ ስባሪና የእንጀራ ትርፍራፊ አልኳት። «ካልሲየምስ?» ዝም አልኩ። «ሌሊት መብራት ይበራላታል?» አዎ፤ በረንዳው ላይ አምፖል አለ፤ እስከ አራት ሰዓት እተወዋለሁ። ብርሃን ሲረዝም ዶሮ ይበልጥ ትጥላለች ሲባል ሰምቼ ነው። እውነትም ጥላለች።

ቀጥላ በመዝገቤ ጀርባ ላይ አሰላችልኝ። አንድ የእንቁላል ቅርፊት ሁለት ግራም ያህል ካልሲየም አለው። 241 እንቁላል ማለት 480 ግራም፣ ግማሽ ኪሎ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው። የዳሚት ሙሉ አጥንት ውስጥ ያለው ግን 20 ግራም አካባቢ ነው። ክብደቷ በጠቅላላው ሁለት ኪሎ አይሞላም። ቅርፊቱ ተሠርቶ ለማለቅ 20 ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ አብዛኛው ሥራ ደግሞ ሌሊት፣ እሷ ምንም ሳትበላ ነው። ከአንጀቷ ካጣች ከአጥንቷ ትበደራለች። ለእንቁላል ጣይ ዶሮ የሚዘጋጀው መኖ ከመቶው ከ3.5 እስከ 4 እጅ ካልሲየም የሚኖረው ለዚህ ነው። ፉርሽካና በቆሎ ውስጥ ያለው ከዚህ ጋር ሲወዳደር እዚህ ግባ አይባልም፤ ጭራሽ ፉርሽካው ያለችውንም ካልሲየም አስሮ ይይዛል። መጋቢት ደግሞ የእኛ ከተማ ሙቀት ነው፤ ዶሮ ሲሞቃት አፏን ከፍታ ታለከልካለች፣ ትንሽ ትበላለች፣ ቅርፊቱ ይብስ ይሳሳል። ዕድሜዋም ወደ ሁለተኛው ዓመት ስለገባ እንቁላሉ ይተልቃል፤ የምታለብሰው ካልሲየም ግን አይጨምርም።

መዝገቡን አየሁት። የቀኙ ዓምድ ከላይ እስከ ታች ሞልቷል፤ የግራው ባዶ ነው። በጀልባው ላይ እንዲህ ያለ መዝገብ ያመጣ ሠራተኛ ቢኖር ራሴ ነበርኩ ከሥራ እንዲታገድ የምጽፍበት። ሳይጫን የተራገፈ ዕቃ የለም።

ታዲያ ይህን ማን ይነግረኝ ነበር? ቄቦቹን የሸጡልን ሰዎች «በዓመት እስከ 300 ትጥላለች» አሉን፤ ሲጠብቁ ያየሁት ገንዘቡን ብቻ ነው። የእናቴ ዶሮዎች ገብስማዋም ወሰራዋም አሥራ ሁለት፣ ቢበዛ አሥራ አምስት ይጥሉና ይታቀፋሉ፤ ጫጩት እስኪያሳድጉ ያርፋሉ። በዓመት 40 ወይም 60 ትንንሽ እንቁላል ነው። በእበትና በአመድ ውስጥ ጭረው፣ ጠጠርና የአጥንት ስባሪ ለቅመው ይበቃቸዋል። እነ ዳሚት ግን መታቀፍ ከደማቸው እንዲወጣ ተደርገው የተዳቀሉ ናቸው፤ ማረፍ አያውቁም። ዶሮዋን ቀይረን አያያዙን የእናቶቻችን እንዳለ ካቆየነው ጥፋቱ የዶሮዋ አይደለም።

ስለዚህ ቤት ውስጥ የለወጥነውን ልንገራችሁ። አምፖሉ ጠፋ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሳምንታት ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ላይ ጨለማ ዕቃ ቤት እናስገባትና ጠዋት ሁለት ሰዓት እናወጣት ነበር፤ ብርሃኑ ሲያጥር መጣል ታቆማለች፣ ሰውነቷ ያርፋል። የቀረውን ጾም ሙሉ አንድም አልጣለችም፤ በእኛ ቤት ከሁሉም በላይ የጾመችው እሷ ናት። ካልሲየሙን በተመለከተ፣ የእንቁላል ቅርፊት አጥቦ፣ በምጣድ አምሶ፣ በሙቀጫ ክክ እስኪመስል ሰባብሮ መስጠት ነው። ዱቄት አይሁን፤ ስባሪው ሌሊት ቀስ እያለ ይሟሟላታል። ቅርፊትነቱ በሚታወቅበት መጠንም አይተው፤ የራሷን እንቁላል ወግታ መብላት ትለምዳለች። ከመኖው ጋር ሳይደባለቅ በሌላ ዕቃ፣ አመሻሽ ላይ ይቀመጥላታል፤ የሚያስፈልጋትን ራሷ ትመርጣለች።

በሁዳዴ የእንቁላል ቅርፊት ከየት ይመጣል ብላችሁ ብትጠይቁ፣ ሐይቁ ዳር ካለ አንድ ሆቴል ወጥ ቤት በፌስታል እየለመንኩ ነው ያመጣሁት። የወጥ ቤቱ ሴቶች መጀመሪያ መድኃኒት የምቀምም መስሏቸው ራቁኝ። አሳ ከሚያርዱት ልጆች ደግሞ የቀረሶ አጥንት እወስዳለሁ፤ ቀቅዬ፣ አድርቄ እወቅጠዋለሁ። አሳ በሁዳዴ ይበላል አይበላም የሚለውን ለካህናቱ ልተወውና፣ ዳሚት ግን በላች።

አንድ ነገር ሳልረሳ። ባለቤቴ ለግድግዳ ቀለም የተረፈ ኖራ ልትሰጣት ስትል ልጅቷ ሮጣ ነው የያዘቻት። የተቃጠለ ኖራ አፍና ጉሮሮ ያቃጥላል። በመኖ ውስጥ የሚገባው የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ሳይቃጠል ነው። ቴትራሳይክሊን ለመከሩኝም፣ የተቀረቀረ እንቁላል በሽታ አምጪ ተሕዋስ ስላልሆነ ካፕሱል አይገፋውም።

ከእናንተ የምለምነው ብዙ አይደለም። የግብርና ገጻችሁ ስለ ሺህ ዶሮ እርባታ ሲጽፍ፣ አንድ ወይም ሦስት ዶሮ በግቢዋ ለምታረባ ሴትም አንድ ጥግ ይተውላት። ቄብ የሚያከፋፍሉ ሁሉ ከዶሮዋ ጋር፣ ምን እንደምትበላና እንቁላል ሲቀረቀርባት ምን እንደሚደረግ የያዘች አንዲት ቁራጭ ወረቀት በአማርኛ ይስጡ። የእንስሳት ሕክምና ቦታዎችም ለላም ወተት ትኩሳት (ስትወልድ ካልሲየም ሲያልቅባት ለሚይዛት በሽታ) የሚይዙትን የካልሲየም መርፌ በዶሮ መጠን የሚሰጥ ሰው ቢያዘጋጁ፣ ወይም ቢያንስ ሳይስቁ ቢያዩ።

ዳሚት የመጀመሪያውን እንቁላል የጣለችው በዳግማይ ትንሣኤ ሳምንት ነው። አሁን በሳምንት አራት ትጥላለች፤ ከዚያ በላይ አልጠይቃትም። ተማሪዋ ለፈተና ስትሄድ ቀሪውን ማር ሰጥቻታለሁ። የትናንቱ መዝገብ እንዲህ ይላል፦ የተጫነ፣ መኖ 110 ግራም፣ የቅርፊት ስባሪ አንድ የሾርባ ማንኪያ፣ አንድ አባጨጓሬ ከጎመን ላይ። የተራገፈ፣ አንድ፣ 61 ግራም፣ ቅርፊቱ ጠንካራ።

ከአክብሮት ጋር፣
የቀድሞ የጭነት ተቆጣጣሪ
ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ